ደማችን ተቀድቶ የት ይገባል?

ከዳንግላ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በጻፈልን ደብዳቤ እንዲህ ሲል ይጠይቃል። «ወደ ቀበሌያችን የመጡ የጤና ሰዎች ከጣታችን ደም በወረቀት ላይ አንጠብጥበው፥ የሕፃናትንም የዐይን ሽፋን ገልብጠው በጥጥ ጠርገው ወሰዱ። ሽማግሌዎች ግን ደሙ ይሸጣል ይላሉ። እውነት ነውን? ካልተሸጠስ የት ይገባል?» ጥያቄው መልካም ነው፤ ብዙዎቻችሁም በልባችሁ ይዛችሁት አፍራችሁ ያልጠየቃችሁት ይመስለኛል። ስለዚህ የዛሬውን ዐምድ ለዚሁ መልስ ሰጥተነዋል።

አስቀድመን ነገሩን እንለይ። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ታምሜአለሁ ብሎ የሚሰጠው ደም ዕድሜው አጭር ነው። በዚያው ቀን በማይክሮስኮፕ ይታያል፥ ወባ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ይለያል፥ ለሐኪሙ ወረቀት ይጻፋል፥ የተረፈውም በሥርዐት ይወገዳል። ለሰው ሕይወት ማዳኛ ብለው በጎ ፈቃደኞች የሚለግሱት ደግሞ ወደ ደም ባንክ ይገባል፤ እርሱም በማቀዝቀዣ ውስጥ ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በላይ አይቆይም። የተማሪያችን ጥያቄ ግን ስለ ሦስተኛው ዐይነት ነው። ይኸውም ለምርምር ተብሎ የሚወሰደውና ለዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአንድ ትውልድ ዕድሜ የሚቀመጠው ነው። ይህን የሚያስቀምጠውን ቤት ፈረንጆቹ ባዮባንክ ይሉታል። እኛ የናሙና ግምጃ ቤት ብንለው ለሥራው የቀረበ ስም ይመስለኛል። ግምጃ ቤት ዕቃ ገብቶ የሚረሳበት መጋዘን አይደለምና፤ በገቢና በወጪ፥ በቁልፍና በመዝገብ የሚጠበቅ የሌላ ሰው ንብረት ያለበት ቤት ነው።

(እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሚወሰድ የምርምር ናሙና አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ነው። ከዳንግላ ተነሥቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ይገባል፤ በዚያም የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ አለ። ከዚያ የሚያልፈው አዲስ አበባ ይዘልቃል። አዲስ አበባ ላይ ከሚታወቁት ቤቶች አንዱ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሌላው በዘነበወርቅ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ሁለተኛው በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌን መመርመር ነበር። ስሙንም ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 በኖርዌይ ካየው ከሐኪሙ ከሐንሰን ነው።

ስለ ሥጋ ደዌ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ምግብ ተሰጥቷቸው ሲራቡ፥ ይህ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ሊራባ አልቻለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሊመረምሩት ሲፈልጉ ከዋና ምንጮቻቸው አንዷ ከበሽተኛው ሰውነት የተወሰደች ቅንጣት ቆዳ ናት። ያችን ቅንጣት ማበላሸት ማለት ደግሞ ያ በሽተኛ የታገሠውን ሕመም በከንቱ ማፍሰስ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የሥጋ ደዌ ምርምር ባለበት ቤት ሁሉ ናሙና አጠባበቅ እንደ ትርፍ ሥራ አልታየም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ተመርምሮ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ለምን ይቀመጣል?» ይል ይሆናል። መልሱ ጥያቄው ከናሙናው በኋላ ሊወለድ ስለሚችል ነው።

በ1959 በዛሬዋ ኪንሻሳ፥ ያን ጊዜ ሌዎፖልድቪል በምትባለው ከተማ፥ ከአንድ ሰው ደም ተቀድቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ኤድስ የሚባል ስም አልነበረም። ቫይረሱ የታወቀው በ1983 ነው፤ የደም መመርመሪያውም የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያም ሊቃውንት የቆዩ ናሙናዎችን አውጥተው ሲመረምሩ ያ የ1959 ደም ቫይረሱ እንደ ነበረበት ተገኘ። በ1998 ደግሞ የቫይረሱ የዘር ጽሑፍ ተነብቦ፥ በሽታው በሰው መካከል የተስፋፋው ሰው ከሚገምተው ከብዙ ዓመት በፊት መሆኑ ታወቀ። አንዲት ጠርሙስ ናት ይህን ሁሉ የተናገረችው።

በአገራችንም እንዲሁ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ በሽተኞች በኢትዮጵያ የተመዘገቡት በ1986 ነው። ቫይረሱ ግን ከዚያ በፊት መግባቱ የታወቀው በ1984 ተሰብስቦ በተቀመጠ ሴረም ውስጥ ስለ ተገኘ ነው። ሴረሙን ያስቀመጡት ሰዎች ስለ ኤድስ አላሰቡም። መዝገባቸው ግን ናሙናው መቼና ከየት እንደ ተወሰደ ይናገር ነበርና ኋላ የመጣው ጥያቄ መልስ አገኘ።

ከዚያ በኋላ በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት እየተከታተለ ደም ሰበሰበ። ከዚያ ከተገኘው ትምህርት አንዱ እነሆ። ጤነኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ በደሙ ውስጥ ያለው የሲዲ4 ሕዋስ ቍጥር ከጤነኛ ሆላንዳዊ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ባይታወቅ ኖሮ በውጭ አገር ሰው ልክ እየመዘንን ጤነኛውን ታማሚ ነህ ልንለው እንችል ነበር። ናሙና በራስ አገር ሰብስቦ የመያዝ ጥቅሙ ከዚህ በላይ መግለጫ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። ተማሪያችን ያየው የዐይን ጠረጋ የትራኮማ ምርመራ መሆን አለበት። የአማራ ክልል በትራኮማ ከተጎዱት የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው፤ ሕዝቡም በየዓመቱ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ሲውጥ ኖሯል። ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ አዊን ጨምሮ በክልሉ ዞኖች ሁሉ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ዐይን ናሙና ተወስዶ ባሕር ዳር በሚገኘው የክልሉ ላቦራቶሪ ተመረመረ። በዚያን ጊዜ የተፈለገው ባክቴሪያው በስንት ሕፃን ዐይን ውስጥ እንደ ቀረ ማወቅ ነበር። ይህ ተቆጠረ፥ ተጻፈ፥ አለቀ።

ይሁን እንጂ ሌላ ሥጋት ነበረ። ያን ያህል ዓመት መድኃኒት የተሰጠው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ቢለምደውስ? ገበሬ እንኳ አንድ ዐይነት የአረም መድኃኒት ሲደጋግም አረሙ እንደሚለምደው ያውቃል። እንግዲህ ተቀምጠው ከነበሩት የክልሉ ናሙናዎች መካከል 99 ተመርጠው የባክቴሪያው ሙሉ የዘር ጽሑፍ ተነበበ፤ ውጤቱም በ2022 ታተመ። መድኃኒቱን የሚቋቋም የዘር ለውጥ አልተገኘባቸውም። ይህን ለማወቅ ማንም ሰው እንደ ገና በየመንደሩ ዞሮ የልጆችን ዐይን መገልበጥ አላስፈለገውም። ናሙናው በቅዝቃዜ ውስጥ ነበር፤ ቍጥሩም በመዝገብ ነበር።

«ቅዝቃዜ» ስል ግን የእንጅባራን ብርድ አትቍጠሩት። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለ ሆነች እንግዳ ሰው ሌሊቱን በሁለት ብርድ ልብስ ቢያድርም፥ ለደም ይህ ሙቀት ነው። በቤት ውስጥ ያለው የፍሪጅ በረዶ ቤት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ነው፤ በዚያም ውስጥ ቢሆን ብዙ ነገር ቀስ እያለ ይበላሻል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ፕላዝማ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይፈልጋል። ሕይወት ያለው ሕዋስ ሳይሞት እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ የሚበርደው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ይኸውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። በነገራችን ላይ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ አይተውም። ጋዙ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው ኦክሲጅኑን ስለሚገፋው፥ በዚያ ያለ ሰው ሳያውቀው ሊወድቅ ይችላል።

የ80 ዲግሪው ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ይበላል። ከድሮዎቹ አንዱ በቀን 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአምስት ሰዓት ያለ ዕረፍት እንደ መጣድ ነው፤ ያውም በየቀኑ፥ በጾምም በፍስክም። ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ላቦራቶሪዎች ሙቀቱን ከ80 ወደ 70 እያደረጉ ሲሶ የሚጠጋውን ኀይል ያተርፋሉ፤ ለአብዛኛው ናሙናም ምንም ጉዳት አልታየበትም። ይህ ለእንደኛ ያለ አገር የሚበጅ ዘዴ ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ሥራው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በሴንትሪፊዩጅ እየተሽከረከረ ቀዩ ከታች፥ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይለያል። ፕላዝማውም በአንድ ዕቃ አይቀመጥም፤ በአራት ወይም በአምስት ትንንሽ ጠርሙስ ይከፋፈላል። ምክንያቱም ቀልጦ እንደ ገና የሚበርድ ናሙና በየጊዜው ስለሚጎዳ፥ አንዱ ለዛሬ ሲወጣ የቀሩት ሳይነኩ ይቆያሉ። ብልህ የሆነ ግምጃ ቤት ጠባቂ ደግሞ የአንድ ሰው ጠርሙሶችን ሁሉ በአንድ ማቀዝቀዣ አያኖርም። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ በሁለት ይከፍላቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገቡ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናንተ በመዝገብ ቤት የሠራችሁ፥ ፋይል የሚጠፋው ተሰርቆ ሳይሆን ያለ ቦታው ገብቶ መሆኑን ታውቃላችሁ። በናሙናም እንዲሁ ነው። ሣጥኑ ዘጠኝ በዘጠኝ ወይም ዐሥር በዐሥር ጕድጓድ አለው፤ ማቀዝቀዣው ብዙ ሺሕ ጠርሙስ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ አንዷ ጠርሙስ የት እንዳለች መዝገቡ ካልተናገረ በሩን ከፍቶ መፈለግ አይቻልም፤ እየፈለጉ ሳለ ሌላው ይቀልጣልና። በተራ ወረቀትና ሙጫ የተለጠፈ ምልክት በዚያ ብርድ ተላቅቆ ይወድቃል፤ በተራ እስክሪፕቶ የተጻፈውም ይጠፋል። ስለዚህ ብርድ የሚችል ልዩ መለያ ይለጠፋል፥ ባርኮድም ይታተምበታል። ስም የሌላት ጠርሙስ ምንም ያህል ንጹሕ ብትሆን ከመጣል በቀር ጥቅም የላትም።

በአገራችን ደግሞ ፈረንጅ የማያውቃቸው ወጥመዶች አሉ። በመለያው ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ጧት ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት የሚሉት፥ እኛ ከቀኑ ዘጠኝ የምንለው? ደሙ ከተቀዳ በኋላ ስንት ሰዓት ከማቀዝቀዣ ውጪ እንደ ቆየ የሚታወቀው ከዚህች ቍጥር ነውና ስድስት ሰዓት መሳሳት ቀላል አይደለም። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ አንዱ ጸሐፊ እንደ ፈረንጅ ቢያነበው፥ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል፤ ሕፃኑ ሳይወለድ ደሙ የተቀዳ ይሆናል። ጳጕሜን የሚባል ወር የማያውቅ ኮምፒዩተርም በጳጕሜን የተሰበሰበውን ናሙና አልቀበልም ይላል። ስሙስ? ፀሐይ የምትባለውን ሴት በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፋታል፤ የአባት ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለንም አበበ ከበደ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ቀበሌ ይገኛሉ። ስለዚህ ናሙናው በቍጥር እንጂ በስም አይጠራም፤ ስሙና ቍጥሩ የሚገናኙበት ዝርዝርም በሌላ ቦታ በቁልፍ ይያዛል። ይህም ስሕተትን ከመከላከል ሌላ የሰውየውን ምስጢር ይጠብቃል።

ቤቱ የሚጠፋው በምንድን ነው ብትሉ፥ በትልቅ አደጋ አይደለም። በ2012 በአሜሪካ ቦስተን አጠገብ ለምርምር የተሰበሰቡ የሰው አንጎሎች በተቀመጡበት በማክሊን ሆስፒታል አንድ ማቀዝቀዣ ቆመ። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደወሎች ነበሩት፤ ሁለቱም አልጮኹም። ከውጪ ያለው ሰሌዳ ከዜሮ በታች 79 ያሳይ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን ውስጡ ቀልጧል። 150 ያህል አንጎል ተጎዳ፤ ከዚያም ውስጥ 54ቱ ለኦቲዝም ምርምር በብዙ ድካም የተሰበሰቡ ነበሩ። በ2023 ደግሞ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፥ ሊቃውንት የሚመኙት ሀብታም ቤት ሆኖ ሳለ፥ በገና ሰሞን የፈሳሽ ናይትሮጅኑ አቅርቦት ተቋረጠ። ታንኮቹ አራት ቀን ይችላሉ፤ ያለ ናይትሮጅን የቆዩት ግን አምስት ቀን ነው። ለዐሥርት ዓመታት የተሰበሰበ ናሙና በአንድ የበዓል ሳምንት ጠፋ።

የሁለቱም ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ማንም ሞኝ ነው ለማለት አይደለም። በዓል ሁሉ አደገኛ ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከተማው በሙሉ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ማንም አይቀርም፥ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን በዚያን ቀን መብራት ቢሄድ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ማን ነው? ነዳጁስ አለ? ማንቂያው የሚደውልበት ስልክ የማን ነው፥ ያ ሰው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረስ? ይህ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ነው። ነዳጅ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ሹሙ እስኪፈርም ድረስ ማቀዝቀዣው አይጠብቅም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥራ አስቀድሞ የተመደበ ገንዘብ፥ በጽሑፍ የታወቀ ተረኛ፥ ሁልጊዜም ባዶ ሆኖ የሚቀዘቅዝ አንድ መጠባበቂያ ማቀዝቀዣ መኖር አለበት። ባዶው ማቀዝቀዣ ለኦዲተር ብክነት ይመስለዋል፤ ነገሩን ማስረዳት የኃላፊው ፈንታ ነው። ሙቀቱም በቀን ሁለት ጊዜ በእጅ ተጽፎ ይፈረምበታል፥ ከውጪው ሰሌዳ ሌላ በውስጥ ካለ ቴርሞሜትርም ይመሳከራል። ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ የተዘጋባቸውና መብራት የተቋረጠባቸው ቀኖች ብዙ ናቸውና፥ ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ቀድቼ አይደለም።

ማቀዝቀዣ ሁሉ ነገር ነው ብላችሁ ግን ተስፋ አትቍረጡ። ተማሪያችን ያየው በወረቀት ላይ የተንጠበጠበ ደም የዚሁ ችግር ጥሩ መልስ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ገትሪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአራስ ልጆችን ደም ከተረከዛቸው ወስዶ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመርን አስፋፋ። የደረቀ ደም በፖስታ ሊሄድ ይችላል። በእኛም አገር እንዲሁ ተደርጓል። በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ የፖስታ ድርጅት ከደብዳቤው ጋር የላቦራቶሪ ናሙና እንዲያደርስ ሠራተኞቹ ሠልጥነው፥ የሚጫንበትም ልዩ ዕቃ ተሰጥቷቸው፥ ውጤት የሚመለስበት ጊዜ በግልጽ አጥሯል። እኔ ይህን ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ አደንቀዋለሁ። ቀድሞ የነበረ መንገድና ቀድሞ የነበረ ፖስተኛ ነው ሥራውን የሠራው።

አሁን «ይሸጣል» ወደሚለው እንምጣ። በሕግ የተፈቀደ ምርምር ናሙናን ለሽያጭ አይሰበስብም፤ ስለዚህ መልሱ አይሸጥም ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹን አትናቋቸው፤ ጥርጣሬው ከአየር የመጣ አይደለም። በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር ሴት በካንሰር ታማ ሳለች ሳትጠየቅ ከዕጢዋ ሕዋስ ተወሰደ። እርስዋ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ሕዋሱ ግን በላቦራቶሪ እየተራባ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ፥ ኩባንያዎችም ሸጡት። ቤተ ሰቧ ነገሩን የሰሙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋርም በስምምነት የተጨረሰው በ2023 ነው። እኛም ራሳችን በጤፍ የደረሰብንን እናውቃለን። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል የጤፍ ዘር ሄደ፤ በ2007 በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ወጣ፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ አገራችን ከውሉ ያገኘችው ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ያን የፈጠራ መብት የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 ነው። ከዚህ የተነሣ ዛሬ የሰው ናሙና ከአገር ሲወጣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና በሁለቱ ወገን የተፈረመ የናሙና ማስተላለፊያ ውል ያስፈልገዋል። ውሉን የሚያዘጋጁት፥ የሚያነቡትና ለአለቃ የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እናንተ ያሉ ጀማሪ ሠራተኞች ናቸው። «ናሙናው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ለሌላ ጥናት ይውላልን? ውጤቱስ ለማን ይነገራል?» የሚሉት ሦስት መስመሮች በውሉ ውስጥ ካልተገኙ ለአለቃ ሳይቀርብ ወደ መጣበት መመለስ ነው።

ፈቃድ መጠየቅም ወረቀት ማስፈረም ብቻ አይደለም። በወላይታ በእግር እብጠት በሽታ ላይ፥ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ በሚሉት፥ የዘር ምርምር ሲታሰብ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ አስቀድመው ሕዝቡን ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ጠየቁ። ሰዎቹም በሽታው የዘር ነው ተብሎ ቢነገር የታመሙት ቤተ ሰቦች ከጋብቻና ከማኅበር ይበልጥ እንዳይገለሉ እንደሚሰጉ ገለጹ። በዚሁ መሠረት አነጋገሩ ተስተካክሎ ከሥራው ጋር ተያያዘ፤ ምርምሩም በ2012 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሞ፥ በሽታው የሚይዘው በባዶ እግር ቀይ አፈር ከሚረግጡት ሁሉ መርጦ ለምን እንደ ሆነ አንድ ክፍል አስረዳ። ይህ በሽታ በጎጃም ደጋም ስላለ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአዊ ሲሆን ደግሞ ፈቃዱ በአማርኛ ብቻ ቢነገር አይበቃም። በገጠር ያለች እናት በአዊኛ ካልተነገራት፥ ጣቷን በቀለም ነክራ ብታትም እንኳ ፈቀደች ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ እንጅባራ የራሷ ግምጃ ቤት ይኑራት ወይ? ከተማዋ ሆስፒታል አላት፥ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ወጣቶችም ይህን ሲመኙ እሰማለሁ። እኔ የምለው እንዲህ ነው። ትልቁን ቤት መሥራት አይቸኩል። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያመላልስ መኪና፥ መለዋወጫ የሚያውቅ መካኒክ፥ ዓመት ሙሉ የማይቋረጥ መብራት ሳይኖር የተገዛ ማቀዝቀዣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጽሕፈት መሣሪያ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ይሆናል። ነገር ግን ናሙና በንጽሕና ቀድቶ፥ በሰዓቱ ለይቶ፥ በትክክል ጽፎ፥ ሳይቀልጥ ባሕር ዳር የሚያደርስ አንድ ክፍልና ሁለት የተማሩ ሰዎች ቢኖሩ፥ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል። ብዙው ናሙና የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች፥ ከተቀዳበት ቦታ እስከ መጀመሪያው ማቀዝቀዣ ባለው መንገድ ነው እንጂ በሃያኛው ዓመት አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፈቃዱን የሰጠ ሰው ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል። ከዓመታት በኋላ መጥቶ «የእኔን ደም አላስቀምጥም፥ አጥፉልኝ» ቢል ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም፤ ሕክምናውም አይከለከልም። ያን ጊዜ ጠባቂው በቁልፍ ካለው ዝርዝር ቍጥሩን ያወጣል፥ መዝገቡን ይከፍታል፥ አምስቱን ጠርሙስ ከሁለቱ ማቀዝቀዣ ይለቅማል፥ በምስክር ፊት ያስወግዳል፥ ይፈርማል። መዝገቡ ትክክል ከሆነ ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።